ፍታ፣ ነካካ፣ ሞካክር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የመጡ ናቸው፤ ለፈተና፣ ለገበያ ወይም ለውድድር ሳይሆን እንዲሁ ደስ ስለሚል ብቻ ዕቃ መፈታታት፣ መገጣጠምና መሞካከር። ቋንቋችን ለዚህ ነገር የተለየ ቅርጽ አለው። «ሞከረ» ስንል ሰውየው ውጤት ይጠብቃል፤ «ሞካከረ» ስንል ግን የመጣውን ሊያይ እጁን ለቋል። «ፈታ» እና «ፈታታ»፣ «ነካ» እና «ነካካ» መካከል ያለውም ልዩነት ይኸው ነው። እዚህ የምንመልሰው ስለ ሁለተኛው ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሬዲዮ፣ የቆመ ማራገቢያ፣ የማይሠራ ማተሚያ (ፕሪንተር) ሳገኝ ከፍቼ ማየት እወዳለሁ። ቤተሰቦቼ «ምን ልታደርገው ነው?» ይሉኛል፤ መልስ የለኝም። ዓላማ በሌለው ነገር ሰዓት ማጥፋት ልክ ነው?

መልስ፦ «ምንም» ብለው ይመልሱላቸው። እውነቱም እሱ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ሬዲዮን ለመጠገን የከፈተ ሰው የተበላሸውን ክፍል ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ቀይሮ ይዘጋል። ለማየት የከፈተው ሰው ግን በአሮጌው ሬዲዮ ውስጥ ቀጭኗ ክር በትንንሽ መዘውሮች ላይ ተጠማዝዛ የጣቢያ መርፌዋን ከግራ ወደ ቀኝ እንዴት እንደምትጎትት ያያል። የመቃኛውን እጀታ ሲያዞር ስስ የብረት ቅጠሎች እርስ በርስ ሳይነካኩ ሲገቡና ሲወጡ ያያል። ጥገና የሚያስፈልገው ቢሆን ኖሮ እነዚህን ለማየት ጊዜ አይኖረውም ነበር።

የፊዚክስ ሊቁ አንድሬ ጌይም ከመደበኛ ምርምሩ ውጪ አርብ ማታ የሚሞካክራቸው ነገሮች ነበሩት። እጅግ ብርቱ በሆነ ማግኔት ውስጥ ውሃ ቢያፈስ ውሃው አየር ላይ ተንሳፎ ቀረ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1997 ሕያው እንቁራሪት ተንሳፋ ታየች። በዚሁ ልማድ፣ ከኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ጋር ሆኖ ግራፋይትን (የእርሳስ ውስጡን ጥቁር ነገር) በተራ ፕላስተር እየላጠ አንድ አቶም ብቻ የሚወፍረውን ግራፊን አገኘ፤ ግኝቱ በ2004 ታትሞ በ2010 ሁለቱን ለኖቤል ሽልማት አበቃ። ይህን ያነሳነው መነካካት መጨረሻው ሽልማት ነው ለማለት አይደለም። ከእንቁራሪቷ የተገኘ ምርት የለም። ሁለቱም የተሞከሩት በአንድ ዓይነት መንፈስ ሲሆን፣ በሞከሩበት ማታ የትኛው ቀልድ ሆኖ እንደሚቀር፣ የትኛው ታላቅ እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንላለን። ከጫና ነፃ የሆነ ሙከራ በጥሩ ስሜት ብቻ አይመጣም፤ አስቀድሞ መደላደል አለበት። የሚፈቱት ዕቃ ነገ የሚፈልገው ሰው አይኑር። የሚጠቀሙበት ኤሌክትሪክ ከ9 ቮልት ባትሪ አይለፍ። ሥራው ሳይነሳ የሚያድርበት ጠርዝ ያለው ዝርግ ሳጥን ይኑርዎት፤ በየምሽቱ ጠራርጎ ማንሳት ግዴታ ከሆነ ሰው ሳያውቀው «ዛሬ ልጨርስ» ማለት ይጀምራል፤ ጫናው የሚገባው በዚያ በር ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ነክቼ አላውቅም። በአንድ ምሽት የሚሠራ፣ ከሠራ በኋላም ብዙ የሚለዋወጥበት ነገር ያለው ሙከራ ንገሩኝ።

መልስ፦ በአንድ የባትሪ ድንጋይ የሚዞር ሞተር ይሥሩ። የሚያስፈልግዎት አንድ 1.5 ቮልት ዳብል ኤ አልካላይን ድንጋይ፣ ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነና ቫርኒሽ የተቀባ 60 ሳንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ (ከአሮጌ ትራንስፎርመር ይገኛል)፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ትንሽ ጠንካራ ማግኔት፣ ናስትሮ እና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ሽቦውን በድንጋዩ ወገብ ላይ 10 ጊዜ ይጠምጥሙ፤ በሁለቱም ወገን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ይተዉ። ጥምጥሙን ከድንጋዩ ያውጡና እንዳይበተን እያንዳንዱን ጫፍ በክቡ ላይ ሁለት ጊዜ አዙረው ያስሩት። ሁለቱ ጫፎች በክቡ ግራና ቀኝ፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እንደ ዘንግ መውጣት አለባቸው። መርፌ ቁልፎቹን በድንጋዩ ሁለት ጫፎች ላይ አቁመው፣ ትንሿ ቀለበታቸው ወደ ላይ ሆና፣ በናስትሮ አጥብቀው ያስሩ። ማግኔቱን በድንጋዩ ጎን ላይ ያድርጉት፤ የድንጋዩ ልባስ ብረት ስለሆነ ራሱ ይይዘዋል። የጥምጥሙን ጫፎች በቀለበቶቹ ውስጥ ሲያስገቡ ጥምጥሙ ከማግኔቱ በላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ መዞር መቻል አለበት።

አሁን ቫርኒሹን መላጥ ነው፤ ሙከራው የሚሠራውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። አንዱን ጫፍ ዙሪያውን ሙሉ ለሙሉ ይላጡት። ሌላውን ጫፍ ሲልጡ ግን ጥምጥሙን እንደ ቆመ ጎማ ቀጥ አድርገው ይያዙና የሽቦውን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ይላጡ፤ የታችኛው ግማሽ ቫርኒሹ እንዳለ ይቅር። ምክንያቱም ኤሌክትሪክ ባለማቋረጥ ቢያልፍ ማግኔቱ ጥምጥሙን በግማሹ ዙር ወደፊት፣ በሌላው ግማሽ ዙር ደግሞ ወደኋላ ይገፋዋል። ያልተላጠው ግማሽ ወደኋላ የሚገፋውን ክፍል ያጠፋልዎታል፤ ጥምጥሙም ባገኘው ፍጥነት ያን ግማሽ ዙር ይሻገራል።

በጣትዎ ቀስ አድርገው ይግፉት። ካልዞረ በዚህ ቅደም ተከተል ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቫርኒሹ በደንብ አለመላጡ ነው፤ ቫርኒሹ የመዳብ ቀለም ስላለው የተላጠ ይመስላል፣ ስለዚህ ሽቦው ፈካ ብሎ እስኪያብረቀርቅ ይላጡት። ቀጥሎ ዘንጉን ይዩ፤ አንዱ ወገን ከከበደ ጥምጥሙ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ቁልቁል ወርዶ ይቆማል፣ ያኔ ጫፎቹን ወደ መሃል ማስተካከል ነው። የሚወዛወዝ ነገር ግን የማይዞር ከሆነ የተላጠው ጥምጥሙ በአግድም ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን ኤሌክትሪኩ የሚገባው ግማሹ ሲገፋ ግማሹ ሲመልስ ነውና አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ሽቦውን ቆርጠው አዲስ ጫፍ ይላጡ። ሁለቱም ጫፍ ሙሉ ለሙሉ ተልጦም አንዳንዴ የሚዞር ያጋጥማል፤ ዘንጉ በቀለበቶቹ ላይ እየዘለለ በራሱ ሲያቋርጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የጥምጥሙ ሽቦ ለኤሌክትሪክ ምንም ያህል እንቅፋት ስለማይሆን፣ ተገናኝቶ ከቆመ የድንጋዩ ሁለት ጫፎች በቀጥታ እንደተገናኙ (ሾርት እንዳደረጉ) ይቆጠራል። ድንጋዩ ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል። ሞተሩ ሲቆም ጥምጥሙን ያውጡ። በዚሁ ምክንያት ዳግም የሚሞላ ድንጋይ፣ በተለይም የሊቲየም፣ ለዚህ ሙከራ በፍጹም አይጠቀሙ።

ከዞረ በኋላ ነው ጨዋታው የሚጀምረው። ማግኔቱን ይገልብጡት፣ የሚዞርበት አቅጣጫ ይለወጣል፤ ድንጋዩንም ይገልብጡት፣ ይመለሳል። 5 ዙር ይጠምጥሙ፣ ከዚያ 20፤ ጥምጥሙን አራት ማዕዘን ያድርጉት፤ ማግኔት ይደርቡ። በስልክዎ በሴኮንድ 240 ምስል የሚይዝ የዝግታ ቀረጻ (ስሎው ሞሽን) ካለ በጥምጥሙ አንድ ጎን ላይ በማርከር ምልክት አድርገው ይቅረጹት። ምልክቱ ተመልሶ እስኪመጣ 12 ምስል ከፈጀ ሞተሩ በሴኮንድ 20፣ በደቂቃ 1200 ጊዜ እየዞረ ነው ማለት ነው። «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር» የሚለው ትምህርት ቤት የለመድነው ደንብ እዚህ ላይ አያስርዎት። ሦስቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ። የሚያስገርም ነገር ሲያዩ ብቻ ወደኋላ ተመልሰው የትኛው እንዳመጣው ለይተው ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ ኤልኢዲ (ትንሿን የኤሌክትሮኒክስ መብራት) በ9 ቮልት ባትሪ ሳበራ አንድ ጊዜ ቦግ ይልና ይሞታል። አራት አቃጥያለሁ። ምንድን ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ፣ አላስገቡም። ኤልኢዲ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ወስዶ የሚያቆም ነገር አይደለም፤ መብራት ከጀመረበት ቮልት በላይ የሰጡትን ሁሉ ያሳልፋል፣ እስኪቃጠል ድረስ። ቀዩ 2 ቮልት ያህል፣ ነጩና ሰማያዊው ደግሞ 3 ቮልት ያህል ለራሱ ይይዛል። ለተራ ኤልኢዲ 20 ሚሊ አምፔር (የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን) የላይኛው ወሰን አድርገው ይያዙ። ከ9 ላይ 2 ሲቀነስ 7፤ 7 ለ0.02 ሲካፈል 350 ኦም (የሬዚስተሩ መለኪያ)። 470 ኦም ቢያስገቡ 15 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፋል፤ ብርሃኑም ያምራል። 1000 ኦም ላይ 7 ሚሊ አምፔር ነው፣ አሁንም በደንብ ይበራል።

በተለዋዋጭ ሬዚስተር ደብዘዝና ቦግ ማድረግ ደስ ይላል፤ ባለ 10 ሺህ ኦሙን ከቋሚው 470 ጋር በተርታ ያያይዙት። ብቻውን ካደረጉት እጀታው ዜሮ ላይ ሲደርስ አምስተኛውን ያቃጥላሉ።

የማቃጠሉን ነገር ካነሱ ደግሞ አንዱን ሆን ብለው ይሠዉት። መነጽር አድርገው 470፣ ከዚያ 220፣ ከዚያ 100 ኦም እየቀያየሩ ይመልከቱ። 220 ላይ 32 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፋል፤ ኤልኢዲው ይሞቃል እንጂ ወዲያው አይሞትም። 100 ላይ ሬዚስተሩ ራሱ ጣት ያቃጥላል፤ ሩብ ዋት እንዲሸከም የተሠራው ግማሽ ዋት ያህል ተጭኖበታልና። እዚያ ላይ ያቁሙ። ከዚያ በኋላ «ወሰን» የሚለው ቃል በጣትዎ የሚያውቁት ነገር ይሆናል።

አንድ ነገር እንጨምርልዎ። ጤነኛ ቀይ ኤልኢዲ ያለምንም ባትሪ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ላይ ያገናኙ፤ ቴስተሩን የቀጥታ ቮልት መለኪያ ላይ ያድርጉና ኤልኢዲውን ወደ ፀሐይ ያዙሩት። ከአንድ ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ብርሃን የሚሰጠው ዕቃ ብርሃን ሲቀበል ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አሁን ሰማያዊ ኤልኢዲ አብርተው በቀዩ ላይ ያነጣጥሩ፤ ቴስተሩ ይነሳል። ተገላቢጦሹን፣ ቀዩን በሰማያዊው ላይ ቢያነጣጥሩ ግን የሚነሳ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የቀይ ብርሃን ጉልበት የሰማያዊውን ኤልኢዲ ለመቀስቀስ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ምን ልክፈት፣ ምንስ አልክፈት?

መልስ፦ ከማይከፈተው እንጀምር። ማይክሮዌቭ አይክፈቱ፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ሶኬቱ ተነቅሎም 2000 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ይገድላል። ሆዱ ያበጠውን የድሮ ቴሌቪዥን አይክፈቱ፤ ቱቦው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚሠራ ነው፣ ብርጭቆውም ሲሰበር ወደ ውስጥ ፈንድቶ ይበተናል። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይና የቻርጀር ሆድ ተራ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የ230 ቮልት መብራት ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲቀየር 325 ቮልት ያህል ይሆናል፣ ትልቁ ካፓሲተርም ያን ይዞ ይቀመጣል። ፍላሽ ያለው ካሜራም እንዲሁ ወደ 300 ቮልት ይይዛል። ያበጠ የስልክ ባትሪ አይንኩ፣ ማንኛውንም የሊቲየም ባትሪ በካቻቪቴ አይጎርጉሩ። ይህ ሁሉ ፍርሃት ለመጫን አይደለም፤ እነዚህን ካስወገዱ በኋላ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው፣ እዚያ እንደልብዎ ይጫወቱ።

ከሚከፈቱት ሁሉ ሀብታሙ ማተሚያ ነው። ሶኬቱን ነቅለው፣ ፓወር ሰፕላዩን ሳይከፍቱ እንዳለ አውጥተው ያስቀምጡ። የቀረው ሞተሮች፣ የተወለወሉ የብረት ዘንጎች፣ ጥርሳማ ጎማዎች፣ ስፕሪንጎችና ቀበቶ ነው። ብሎኖቹን ሲያወጡ በካርቶን ላይ የማተሚያውን ቅርጽ ሥለው እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ይውጉት። ፕላስቲኩ ብሎን ሳይኖረው እምቢ ካለ የተደበቀ መንጠቆ አለ፤ በካቻቪቴ ፈንታ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ በስንጥቁ ያስገቡና ቀስ ብለው ያስኪዱት።

ከማተሚያው አራት ሽቦ ያለው ሞተር ከወጣ ዕድለኛ ነዎት። ዘንጉን በጣትዎ ያዙሩት፤ በትንንሽ እርከን ይሄዳል። አሁን ከአራቱ ሽቦዎች ሁለቱን ብቻ ያገናኙና ደግመው ያዙሩ። ድንገት ከጠነከረብዎት ሁለቱ የአንድ ጥምጥም ጫፎች ናቸው፤ እንደ ቀድሞው ከቀለለ አይደሉም። ጣትዎ የሚሰማው ጥንካሬ እርስዎ ራስዎ የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ መልሶ ሲታገልዎት ነው። ጥንዱን ካገኙ በኋላ በሁለቱ ጫፎች ላይ ቀይ ኤልኢዲ አድርገው ዘንጉን ፈጠን አድርገው ያዙሩት። ይበራል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ፕሮግራም መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ግን የሠራውን ኮድ እንዳላበላሽ እየፈራሁ ምንም አልነካካም።

መልስ፦ ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አድርግና ቅጂውን «ማበላሻ» በለው። ፍርሃትህ የሚያልቀው በዚያች አንድ ደቂቃ ነው። ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) የምትጠቀም ከሆነ አዲስ ቅርንጫፍ ክፈት። የኮምፒውተሩን ሲስተም ራሱን መነካካት ካማረህ ደግሞ በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተርህ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ሌላ ሲስተም ጫን፣ ከመንካትህ በፊት ስናፕሾት (ያለበትን ሁኔታ ቅጂ) ያዝ፤ የፈለግኸውን አፍርሰህ በአንድ ጠቅታ ትመለሳለህ።

ከዚያ በ«ማበላሻ» ውስጥ መስመር እየሰረዝህ አሂደው። ግን ከማሄድህ በፊት «አሁን ምን ይሞታል?» ብለህ ገምት። ግምትህ የሳተበት መስመር ገብቶኛል ብለህ ያልገባህ ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው ሲስተም፣ የሌላ ሰው መረጃ ወይም ብቸኛ ቅጂ የሆነ ፋይል «ማበላሻ» ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ ዕቃ መፈታታት ትወዳለች። እንድትበረታ ለጨረሰችው ሁሉ ሽልማት ልስጣት?

መልስ፦ አይስጧት፤ በተለይ አስቀድመው ቃል አይግቡላት። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል በሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። ከፊሎቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ተብለው ተሸለሙ፤ ከፊሎቹ ሳይነገራቸው በድንገት ተሸለሙ፤ ሌሎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከቀናት በኋላ ማንም ሳያስገድዳቸው ሲታዩ ቃል የተገባላቸው ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። በድንገት በተሸለሙት ላይ ግን እንዲህ ያለ መቀነስ አልታየም። ደስ ስለሚላት የምትሠራውን ለክፍያ የምትሠራው አያድርጉባት።

የሚሻለው ከጎኗ ተቀምጦ መጠየቅ ነው። «ይሄ ምን ያደርጋል?» ብለው የሚያውቁትን አይጠይቋት፤ ፈተና ይሆንባታል። እርስዎም በእውነት የማያውቁትን ይጠይቋት። ካቻቪቴው አጭርና ለእጇ የሚበቃ ይሁን፤ ብሎኖቹን አስቀድመው በትንሹ ላላ አድርገው ይስጧት፤ ልጆችን ተስፋ የሚያስቆርጣቸው በአብዛኛው የመጀመሪያው እምቢተኛ ብሎን ነው። ከመስጠትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ከዕቃው ውስጥ ፈልገው ያውጡ፤ ክብ ጠፍጣፋ የሰዓት ባትሪና ትንንሽ ጠንካራ ማግኔት። ቤት ውስጥ ታናሽ ካላት ይህ ግዴታ ነው፤ የተዋጠ ጠፍጣፋ ባትሪ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፣ ሁለት የተዋጡ ማግኔቶችም አንጀትን ከሁለት ወገን ጨብጠው ይበሱታል። ተውጧል ብለው ከጠረጠሩ ምልክት ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ብዙ እጀምራለሁ፣ አንዱንም አልጨርስም። ሳጥኔ በግማሽ ሥራ ተሞልቷል፤ ባየሁት ቁጥር ያሳፍረኛል።

መልስ፦ ያልተጨረሰ የሚባለው መጨረሻ የነበረው ሥራ ነው። ሞተሩ ለምን እንደሚዞር ሊያዩ ጀመሩ፣ አዩ፣ ተዉት፤ ይህ አልቋል። ሳጥኑን የሚያስከብደው ዕቃው ሳይሆን የቱ ጋ እንደቆሙ መርሳትዎ ነው። ስለዚህ በሚያነሱት ነገር ሁሉ ላይ ቁራጭ ወረቀት በናስትሮ ይለጥፉና ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ይህ ምንድን ነው፣ በመጨረሻ ምን ሞከርኩ፣ ቀጥሎ ምን ልሞክር አስቤ ነበር። ሦስተኛውን ለመጻፍ ምንም ካልመጣልዎ እዚያው ይፈታቱትና ሽቦውን ከሽቦ፣ ብሎኑን ከብሎን፣ ሞተሩን ከሞተር ጋር ያድርጉ። በሙከራው ያለቀውን ድንጋይ ግን ከቀሪው ጋር አያኑሩት፤ ዝም ብሎ ይፈስና በዙሪያው ያለውን መዳብ ሁሉ አረንጓዴ ያደርገዋል።